አማርኛን በሥዕል ያስተማሩን መምህር

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አዲስ ከተመደቡ መምህራን ጋር በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዘን ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ ሳያነሡ አይቀሩም። «ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሥነ ጽሑፍ እንዴት ነው የሚሰጠው? ልቦለዱን ያነበበ የለም። ማስታወሻ ካልገለበጡ ደግሞ ይተኛሉ።» ያን ጊዜ እኔ የማወራላቸው ጎንደር ስማር ስላስተማሩኝ የአማርኛ መምህር ነው። ሁሌ ከማወራው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ጡረታ ወጥተዋል፤ እንዲወራላቸውም አይፈልጉም።

እኛ «ካላንደር» ነበር የምንላቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ነው ታዲያ። ክፍል ሲገቡ በብብታቸው የተጠቀለለ አሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አይጠፋም። መስከረም ሲጠባ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ ያለፈውን ዓመት ይለምናሉ። ፊቱ ላይ ጥሩ ሥዕል ካለው ማሳያ ይሆናል። ጀርባው ደግሞ ወፍራም ነጭ ወረቀት ነው፤ ለአንድ ቡድን ይበቃል። ቀለሙ ከሰል፣ እርድ፣ የቡና አተላ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ነው። ትምህርት ቤቱን ቀለም ግዙልኝ ብለው ሲያስቸግሩ አላየሁም።

ሥዕል የሚባል ትምህርት ለእኛ አንደኛ ደረጃ ላይ ቀርቷል። ፕሮግራማችን ላይ አልነበረም። እሳቸው ግን በአርባ ደቂቃዋ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያስገቡታል። የተረፈውን በክበብ ሰዓት፣ በተቃራኒ ፈረቃ ይጨርሱታል። የጠዋት ተማሪ ከሆንን ከሰዓት እንመለሳለን። ማርክ የለው፣ ሻይ የለው፣ ክፍሉ ግን ይሞላ ነበር።

የድሮ ተማሪዎቻቸው ስንገናኝ የምናወራው ስለ ጉጉታቸው ነው። እውነት ነው፣ ግጥም ሲያነቡ ጠረጴዛ ላይ ሊወጡ ምንም አይቀራቸውም። ጠመኔ ይሰብራሉ። ዳስተር ሲያጡ ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ያጠፋሉ። ጉጉት ግን ከሰው አይቀዳም። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እንደሳቸው ልሁን ብል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። የሚቀዳው የሥራቸው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለሱ ነው።

መጀመሪያ ያሳዩን የአድዋ ጦርነት ሥዕል ነበር፤ በባህላዊው አሣሣል፣ በአንድ ወገን የእኛ ጦር፣ በሌላው የጣሊያን፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይሰቀላል። «አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ማውራት የለም፣ መጻፍ የለም» አሉ። ለስልሳ ልጅ የአምስት ደቂቃ ዝምታ ቀላል አይደለም። ወዲያው መሳቅ ተጀመረ፣ ወንበር ተንቋቋ። እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ ዝም ብለው ቆሙ። እኛም ስንሰለች ማየት ጀመርን።

ከዚያ «ምን አያችሁ?» አሉ። ከፊት የሚቀመጠው ጎበዝ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ጀግንነት።»

«ጀግንነት የት ጋ ነው? ና፣ በጣትህ አሳየኝ።»

ልጁ ወጥቶ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ጀግንነት የሚባል ነገር እዚያ የለም። ጎራዴ አለ፣ ፈረስ አለ፣ የወደቀ ሰው አለ። ብዙ ካመነታ በኋላ ጋሻ የያዘ አንድ ሰው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እሺ፣ ምን እያደረገ ነው?»

«ወደፊት እየሄደ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እግሩ...»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እግሩ! በጣም ጥሩ። ጻፉ፣ እግሩ።»

እንዲህ እያልን ስንቀጥል ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ «ቲቸር፣ ጣሊያኖቹ ለምንድን ነው አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው?» አለች። ይህቺን ጥያቄ ሲጠብቁ እንደነበር ፊታቸው ያሳብቃል። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የአድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል። ጎንደር ተወልጄ፣ በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ አድጌ፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ሠዓሊው ይሄ ጠላት ነው ብሎ ጽፏል?» ብለው ጠየቁ። አልጻፈም። «ታዲያ እንዴት ነገራችሁ?» ደወሉ ተደወለ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዘውት የመጡት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ያወቀው ግን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ከእኛ ክፍል መጽሐፉን ሙሉ ያነበቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቲቸር ስለዚህ አላማረሩም። ስለ ጉዱ ካሣ የሚናገሩ ቦታዎችን መርጠው፣ በእጃቸው ገልብጠው፣ ፎቶ ኮፒ አድርገው ለየቡድኑ አንድ አንድ ቅጠል አደሉ። ላላነበበው ለማስታወስ ያህል፣ ጉዱ ካሣ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ቤተሰብ ዘመድ ነው። የሥርዓቱን ግፍ ፊት ለፊት ስለሚናገር ሰው እንደ እብድ ያየዋል።

ትእዛዙ እንዲህ ነበር። ወረቀቱን መሐል ላይ እጠፉት። በግራ በኩል ጉዱ ካሣን የአገሩ ሰው እንደሚያየው ሣሉ። በቀኝ በኩል ደራሲው ለእናንተ እንደሚያሳያችሁ ሣሉ። በአንድ ዓይን ነው ወይስ በሁለት? ከየሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «እንዲህ የሣልነው ጽሑፉ እንዲህ ስለሚል ነው» የሚል።

ክፍሉ ታመሰ። እኛ ቡድን ውስጥ አንዱ ልጅ «ደራሲውም እኮ ይስቅበታል፤ በቀኝም በጎን ይሣል» ብሎ ድርቅ አለ። አጠገቡ ያለችው «እስቲ የሚስቅበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» አለችው። መፈለግ ጀመረ። አጣው፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። ያ ልጅ አንድን ገጽ ደጋግሞ ሲያነብ ያን ቀን ገና አየሁ። በመጨረሻ ያመጣት መስመር ለክርክሩ ብዙም አትጠቅመውም ነበር። ቢሆንም ቲቸር ሰሌዳ ላይ ጻፉለት።

«የአተራረክ አንጻር» የምትባለው ነገር ደብተራችን ላይ ቀድሞም ነበረች፤ ሸምድደናታል። የገባችን ግን ያኔ ነው። አንድ ሰው በማን ዓይን እንደሚታይ፣ ዓይኑ ሲቀየር ሰውየውም እንዴት እንደሚቀየር። ቲቸር ብያኔውን የጻፉት በመጨረሻ፣ ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ማየት፣ በጣት ማሳየት፣ መሣል፣ ከዚያ በኋላ ስሙን መስጠት፤ የሳቸው መንገድ ይኸው ነው። እኛ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከስሙ ነው። ገጸ ባሕርይ ማለት እንዲህ ነው፣ ሴራ ማለት እንዲህ ነው፣ መቼት ማለት እንዲህ ነው። ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይተፋዋል፣ ይረሳዋል። መጽሐፍ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለአርባ ልጅ አንድ ቅጂ ይዤ ነው የምሠራው። ነገር ግን ሁለት ገጽ ይዞ ከማየት መጀመር ይቻላል። መጽሐፉ ሲገኝ ደግሞ እሰየው።

ሰምና ወርቅ ላይ ያደረጉት ከሁሉ ይበልጥብኛል። በቃል ሲነገር የኖረውን ይህን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ስለ ሰምና ስለ ወርቅ ምንም አልተናገሩም። «ያያችሁትን ሣሉ» ብቻ አሉ። ይሄ ለጎንደር ልጅ ምን ችግር አለው። ገነት፣ ዛፍ፣ ፍሬ፣ አዳም፣ በሌላው ጎን መስቀል። ቶሎ ጨረስን።

«ጨረሳችሁ? ከንፈሯስ የታለ?» አሉ።

ዝም አልን።

«ልቤ የሚለውስ? የማን ልብ ነው?»

ሥዕላችን ላይ ከንፈርም ልብም የለም። ግጥሙ ላይ ሁለቱም አሉ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ፍቅር ይዞታል!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰሙ የአዳምና የስቅለት ታሪክ፣ ወርቁ ልቡ በከንፈሯ የተሰቀለ ሰው። ቀጥሎ ካርታ ለመገልበጥ እንደምናደርገው ስስ ወረቀት ዘይት አስቀቡንና በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ደርበን ወርቁን እንድንሥል አደረጉ። ወደ መስኮት ሲያዝ ሁለቱም አብረው ይታያሉ። መስቀሉ ላይ ልብ ተሰቅሏል። «ኅብረ ቃል» የሚለውን ስም የሰጡን ከዚህ በኋላ ነው፤ «ተሰቀለልሽ» ሁለቱንም ሥዕል አንድ ላይ እንደያዘ እያሳዩን።

ይህን ልትሞክሩ ካሰባችሁ ግጥም ስትመርጡ አንድ ነገር አረጋግጡ። ሰሙ ተሥሎ ሲያልቅ ግጥሙ ውስጥ ያልተሣለ የተረፈ ነገር መኖር አለበት። ወርቁን የሚያስገኘው ያ ትርፍ ነው። ትርፍ የሌለው ቅኔ ቆንጆ ቢሆንም ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ልጆቹ ሰሙን ሥለው አርፈው ይቀመጣሉ። ግእዝ የበዛበትንም ለሌላ ቀን ተዉት። ደግሞም በሃይማኖት ስም መቀለድ የሚመስለው ተማሪ አይጠፋም። ቲቸር በቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ያደጉ ስለነበሩ፣ ቅኔ ከዚያው ቤት እንደወጣ ረጋ ብለው ያስረዱ ነበር። ክፍላችሁን አይታችሁ ምረጡ።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ለእኛ አዲስ አልነበሩም። ሥራው ግን አዲስ ነበር። አንድ ፊት ምረጡ፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ጻፉ፤ ከዚያ ከታች የሚያየውን በእሱ አንደበት ተርኩ። «ሁሉን አወቅ» ተራኪ የሚባለውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጣሪያ የት ይገኛል? የእኔ መልአክ ከምእመናኑ ይልቅ ጫማቸውን ያወለቁ ቱሪስቶችን ካልሲ ነበር የሚያየው። ቲቸር ጥሩ ማርክ ሰጡኝ፤ የካልሲውን ቀለም ስለጻፍኩ።

ሙስሊም ጓደኞቻችን መግባት ላይፈልጉ እንደሚችሉ አስቀድመው አስበውበታል። ለማንም ክፍት የሆነ ሌላ ምርጫ ሰጡ፦ ፋሲል ግቢ ሄዶ አንድ መስኮት መምረጥ፣ በዚያ መስኮት ወደ ውጭ ያይ የነበረን ሰው መጻፍ። ብዙ ክርስቲያን ልጆችም እሱን መረጡ። ይህን የምለው እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ ቆሞ የሚወሰን ስላልሆነ ነው። አስቀድሞ ካልታሰበበት አንድ ልጅ ብቻውን ውጭ ቆሞ ይቀራል።

በክበቡ ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያመጡልን ነበር፤ ግጥምና ሥዕል በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበትን። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ሥዕል ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በስደት አሜሪካ ያረፈ ሰው ነው። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን ሲያነቡ ድምፃቸው ይሰበራል። ረቂቅ ሥዕሎቹ ግን ለእኛ ከበዱን፤ የምናውቀው ሥዕል ሰው ያለበት ነው። በጣት ማሳየቱ እዚያም ሠራ። ክቡ የት ነው፣ ከባዱ ቀለም በየት በኩል ነው፣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ። አዲስ አበባ ያላችሁ መምህራን ዕድለኞች ናችሁ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶችም እዚሁ ናቸው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። እዚያ መግባት ባይቻል ፎቶው ይበቃል። እኔ ሴራን የማስተምረው በነዚያ ሦስት መስኮቶች ነው።

አሁን ወደ ማርኩ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። «ሥዕል የማይችለው ልጅስ?» ቲቸር ከ10 ማርክ 2ቱን ሥዕሉ ስለተሠራ ብቻ ይሰጣሉ። 8ቱ ከሥር ላለችው ዓረፍተ ነገር ነው። ማስረጃዋ ከጽሑፉ ከወጣች ሙሉ ነው፤ «ስለመሰለን» ከሆነች ዜሮ ነው። ጭንቅላቱ ክብ፣ እጅና እግሩ መስመር የሆነ ሰው ሥሎ ሙሉ ማርክ ያገኘ አለ። ክፍላችን ውስጥ በጣም ጎበዝ ሠዓሊ የነበረ ልጅ ደግሞ የሚያምር ሰብለ ወንጌልን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ፣ ሥሎ ከ10 ሁለት አግኝቶ አኩርፎ ነበር። ከመጽሐፉ ሳይሆን ከፖስተር ላይ ነበር የሣላት። ይህን ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሩ፤ ወላጅ ሲመጣም የምታሳዩት እሱን ነው።

እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። ቲቸር ሲመስጣቸው ሰዓት ይረሳሉ። ሌሎች ክፍሎች ምዕራፍ ሲጨርሱ እኛ ግማሽ ላይ ነበርን፤ ፈተና ሲደርስ በቅዳሜ ማካካሻ ያሯሩጡን ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መጥተው በር ላይ ይቆማሉ። ሸምዳጅ ጎበዞቹም አልወደዱትም፤ «ማስታወሻ አይሰጡም» ብለው ከሰዋቸዋል። ትንሽ እውነት አላቸው፤ ደብተሩን ሲገልጥ የሚያጠናው ያጣ ልጅ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ክርክሩ ሲጦፍ የሚናገሩት ሁሌ እነዚያው ደፋሮች ናቸው። ዝምተኞቹ ሣልን፣ አልተናገርንም።

እኔ ታዲያ ጥቂት ነገር ቀየርኩ። በየክፍለ ጊዜው አላደርገውም፤ ለአንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሰዓቱን ሰሌዳ ላይ ከፍዬ እጽፋለሁ፦ 5 ደቂቃ ማየት፣ 10 ማንበብ፣ 15 መሣል፣ 10 መለጠፍና መናገር። የየቡድኑ ተናጋሪ በስም ጥሪ ተራ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ዝምተኛውም ተራው ይደርሰዋል። በመጨረሻ ብያኔውን አጠር አድርጌ አስጽፋለሁ፤ ሸምዳጁም ወላጁም ኃላፊውም ይረጋጋሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ፈተናው ስለሚያስጨንቃቸው መሣሉን ትቼ ማየትና በጣት ማሳየት ብቻ አስቀራለሁ። ለምንባብ ጥያቄ መልሱ ያለበትን መስመር ጣታቸው ሥር ሳያስገቡ አያከቡም።

ቀን መቁጠሪያ ካጣችሁ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ወረቀት ይሆናል፤ አራግፉት እንጂ። ሥዕል ለማሳየት አንድ ስልክ ለስልሳ ልጅ ማዞር ጊዜ ይፈጃል። በጥቁርና ነጭ የታተመ አንድ ቅጠል ለየቡድኑ ይሻላል። ተማሪዎች ሥራቸውን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ ስልክ የሌለው ደግሞ ዋናውን ያስረክባል። ለመለጠፊያ የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አትጠቀሙ፣ ሲነሣ ልጦት ይመጣል። ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ብትሰቅሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ትመርቃችኋለች።